«20 በ50» ሲመሽ ለምን ይጨልማል?

ባይኖኩላር ልትገዙ ብትሄዱ ሻጩ መጀመሪያ የሚነግራችሁ ምንድን ነው? ስንት እጥፍ እንደሚያቀርብ ነው። እኔም በዚሁ ተሸንፌ «20 በ50» የተጻፈበት መነጽር መርካቶ ገዛሁ። ለክፍል ሥራ ከእንጦጦ ስለሚወርዱት ጅቦች ልጽፍ አስቤ ነበር። ሱቁ በር ላይ ስሞክረው ማዶ ፎቅ ላይ የተሰጣው ሸሚዝ ቁልፉ ሳይቀር ታየኝ። በቃ፣ ከፈልኩ።

አንድ ምሽት ከፈረንሳይ ለጋሲዮን በላይ፣ ባሕር ዛፉ ጥግ ከአጎቴ ጋር ተቀመጥን። አጎቴ ጡረታ እስኪወጡ በአርሲና በባሌ ተራሮች አዳኞችን ሲመሩ የኖሩ ሰው ናቸው። አንገታቸው ላይ ያረጀ «7 በ50» አንጠልጥለዋል። ፀሐይ ገብታ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ በእኔ መነጽር የሚታየው ጥላ ብቻ ሆነ። ዛፎቹ ሥር አንድ ነገር ሲንቀሳቀስ አየሁና «ጋሼ፣ ጅብ!» አልኩ። የእሳቸውን አቀበሉኝ። ጅራቱን የሚቆላ የሰፈር ውሻ ነው!

«ጅብ አየሁ ብለህ ልትጽፍ ነበራ» አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የመጀመሪያው ቁጥር የሚያቀርብበት እጥፍ፣ ሁለተኛው የፊተኛው ሌንስ ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። ሁለተኛውን ለመጀመሪያው ስታካፍሉት ወደ ዓይን የሚደርሰው የብርሃን ክብ ስፋት ይገኛል። የእኔ 2.5፣ የአጎቴ 7 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። መነጽሩን ክንዳችሁን ዘርግታችሁ ወደ ሰማይ ብታዞሩት ክቡን ራሱን በዓይን መነጽሩ ላይ ታዩታላችሁ።

የወጣት ሰው የዓይን ብሌን በጨለማ እስከ 7 ሚሊ ሜትር ገደማ ይከፈታል። በጠራራ ፀሐይ ግን 2 ወይም 3 ነው። ስለዚህ በቀትር ሱቅ በር ላይ ሁለቱ መነጽሮች ብዙም አይለያዩም፤ ሻጩም አልዋሸኝም ማለት ነው። ሲመሽ ነው ጉዱ! ብሌኔ ተከፍቶ ሲጠብቅ የአጎቴ መነጽር ከእኔው 8 እጥፍ ያህል ብርሃን ይሰጠዋል። (ዕድሜ ሲገፋ ብሌን እንደ ድሮው ስለማይከፈት አጎቴ ራሳቸው ከ7ቱ ሁሉንም አይጠቀሙበትም።)

የጠመንጃ መነጽርም ሒሳቡ ያው ነው። በብዛት የሚታወቀው «ከ3 እስከ 9 በ40» በ9 ላይ ሲሆን ክቡ 4.4 ነው፤ ወደ 6 ቢመለስ 6.7 ይሆናል። አጎቴ እንደሚሉት ግን ብዙ አዳኝ ሲመሽበት የሚያዞረው ወደ 9 ነው። ጀርመኖች በጨረቃ ከርከሮ ለመጠበቅ የሚወዱት «8 በ56» 7 ይሰጣል። የመስተዋቱ ቅብም ቀላል ነገር አይደለም፤ ቅብ የሌለው እያንዳንዱ የመስተዋት ገጽ ከብርሃኑ 4 በመቶ ያህሉን ይመልሳል፣ አሥር ገጽ ካለ ሲሶው ጠፋ ማለት ነው። ብርሃን የሚጨምር ሌንስ ደግሞ የለም፤ ማስታወቂያው ምንም ቢል።

እኛ አገር ሌላም ነገር አለ። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ ወደ 9 ዲግሪ ብቻ ስለምትርቅ ፀሐይ ቁልቁል ነው የምትወርደው። ድንግዝግዙ 25 ደቂቃ እንኳን አይሞላም። በጀርመን በሰኔ እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ያ ትልቅና ውድ ሌንስ እዚህ የሚገዛላችሁ ጥቂት ደቂቃ ነው።

አጎቴ ጋ ግን እነዚያ ደቂቃዎች ዋጋ ነበራቸው። ደጋ አጋዘን ከኢትዮጵያ ሌላ የትም የለም፤ የሚታደነውም በፈቃድ፣ ወንዱ ብቻ ነው። ቀንድ ያለው ወንዱ፣ ሴቷ የላትም። አንድ ምሽት አንድ የውጭ አዳኝ ቀንድ አየሁ ብሎ ሊተኩስ ሲል አጎቴ በመነጽራቸው ደጋግመው አዩ። ቀንድ ያለው ከእንስሳዋ ኋላ የቆመ የአስታ ቅርንጫፍ ነበር። «ነገ» አሉት። ብዙ ዶላር የከፈለ ሰው ነውና እራት ላይ አላናገራቸውም።

የእኔን «20 በ50» አልጣልኩትም። ቀን ቀን አጥር ላይ አስደግፌ የእንጦጦን ጭልፊቶች አይበታለሁ፤ ሳላስደግፈው እጄ ይንቀጠቀጣል። ለጅቦቹ የአጎቴን ተውሻለሁ።