የወደብ ውል፣ የሀገር ደኅንነትና የውጭ ባለሀብት

እ.ኤ.አ. በ2006 መጀመሪያ ላይ የዱባይ መንግሥት ኩባንያ የሆነው ዲፒ ወርልድ፣ ፒ ኤንድ ኦ የተባለውን ነባር የብሪታኒያ ኩባንያ በ6.8 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ለመግዛት ተስማማ። ነገሩ የለንደንና የዱባይ ጉዳይ ብቻ ይመስል ነበር። ሆኖም ፒ ኤንድ ኦ በኒውዮርክ፣ በኒውጀርሲ፣ በባልቲሞር፣ በፊላደልፊያ፣ በማያሚና በኒውኦርሊንስ ወደቦች ተርሚናሎች ላይ የሥራ ውል ነበረው። ውሉ አብሮ ሊተላለፍ መሆኑ ሲሰማ ዋሽንግተን ታመሰች።

«አረቦች ወደቦቻችንን ገዙ» ተባለ። እውነታው ግን ሌላ ነው፤ ወደቦቹ አልተሸጡም። የባሕር ጠረፍ ጥበቃውና የጉምሩክ ፍተሻው በአሜሪካ መንግሥት እጅ እንዳለ ይቆያል፤ ኮንቴይነር የሚያወርዱትም እዚያው የሚኖሩ ሠራተኞች ናቸው። የተላለፈው ተርሚናል የማስተዳደር ውል ነው። ደግሞስ ከዚያ በፊት የነበረው አስተዳዳሪ የውጭ ኩባንያ አልነበረምን? እንግሊዛዊ ሲሆን ያልተነሳ ጩኸት አረብ ሲሆን መነሳቱ ብዙ ሙስሊሞችን ቅር ያሰኘው በከንቱ አልነበረም።

ይህን ካልን በኋላ ግን ፍትሐዊ እንሁን። ፒ ኤንድ ኦ የግል ባለአክሲዮኖች ድርጅት ሲሆን፣ ዲፒ ወርልድ የመንግሥት ንብረት ነው። መንግሥት የያዘው ኩባንያ ከትርፍ ሌላ ዓላማ ሊኖረው ይችላል፤ ስለዚህ በጥብቅ መመርመሩ ከዘር ጥላቻ ጋር መምታታት የለበትም። በአሜሪካ ይህን የሚመረምረው በ1975 የተቋቋመውና በግምጃ ቤቱ የሚመራው የውጭ ኢንቨስትመንት ኮሚቴ ነው። ኮሚቴው ሽያጩን ሊያጸድቅ፣ የደኅንነት ግዴታ አስፈርሞ ሊያሳልፍ፣ ወይም ፕሬዚዳንቱ እንዲያግዱት ሊያቀርብ ይችላል። የዱባዩን ጥያቄ ግን በመጀመሪያው የ30 ቀን ግምገማ ብቻ ጨረሰው፤ ተጨማሪውን የ45 ቀን ምርመራ አላደረገም። ሕዝቡም ሆነ አብዛኛው የምክር ቤት አባል ነገሩን የሰማው ካለቀ በኋላ ነው። በፊቅህ ትምህርት የሚሸጠው ነገር ተለይቶ ካልታወቀ ገረር ይባላል፤ ያን ጊዜ በሕዝቡ ዘንድ የታየው ድንግዝግዝም ከዚህ ብዙ አይርቅም።

ፕሬዚዳንት ቡሽ ሽያጩን የሚያግድ ሕግ ከወጣ ድምፅን በድምፅ እሽራለሁ ቢሉም፣ የተወካዮች ምክር ቤት የበጀት ድልድል ኮሚቴ በ62 ለ2 ድምፅ ተቃወማቸው። ዲፒ ወርልድ በማግስቱ መጋቢት ወር ላይ የአሜሪካውን ሥራ ለአሜሪካዊ ድርጅት እንደሚያስተላልፍ አስታወቀ። በ2007 የወጣው ሕግ ደግሞ የመንግሥት ኩባንያዎች ግዢ ጠለቅ ብሎ እንዲመረመርና ለምክር ቤቱ እንዲነገር አዘዘ።

ይኸው ኩባንያ ወደ እኛ ሰፈር ሲመጣ ታሪኩ ተገለበጠ። ጅቡቲ የዶራሌህን የኮንቴይነር ተርሚናል ለ30 ዓመት ሰጥታው ነበር። ነገር ግን የካቲት 2018 ላይ የሀገር ሉዓላዊነትን ጠቅሳ ውሉን ሰረዘች፤ ተርሚናሉንም ወረሰች። የለንደኑ የግልግል ፍርድ ቤት ውሉ አሁንም የጸና ነው ብሎ ፈረደ። አሜሪካ የተነጋገረችው ከመግባቱ በፊት ነበር፤ ጅቡቲ ከገባ ከዓመታት በኋላ። ለእኛ ሁለተኛው መንገድ እጅግ ውድ ነው የሚመስለን፤ ምክንያቱም ቀጥሎ የሚመጣው ባለሀብት ሁሉ ያንን ስረዛ አስቦ ነው የሚደራደረው።

የኢትዮጵያ ገቢና ወጪ ንግድ እጅግ የሚበዛው በጅቡቲ በኩል ያልፋል፤ የዶራሌህ ክርክር የሌላ ሀገር ወሬ ሊሆንብን አይችልም። በዚያው ዓመት ኢትዮጵያ በበርበራ ወደብ 19 በመቶ ድርሻ ለመያዝ ከዲፒ ወርልድና ከሶማሌላንድ ጋር ተስማምታ ነበር፤ በ2022 የሶማሌላንድ ባለሥልጣናት ኢትዮጵያ የሚጠበቅባትን ስላላሟላች ድርሻው ቀርቷል አሉ።

አሁን ተራው የባንኮቻችን ነው። በታኅሣሥ 2024 የጸደቀው የባንክ አዋጅ የውጭ ባንኮች እንዲገቡ ሲፈቅድ፣ በአንድ የሀገር ውስጥ ባንክ የውጭ ዜጎች ጠቅላላ ድርሻ ከ49 በመቶ እንዳይበልጥ ወስኗል። ይህ ጥሩ አጥር ነው፤ ግን በመቶኛ ብቻ የሚለካ አጥር ነው። ከወለድ ነፃ ባንኮች ውስጥ አክሲዮን ያላችሁ ወገኖች፣ ከባሕረ ሰላጤው ገንዘብ ሲመጣ ደስ ይበላችሁ፤ በጠቅላላ ጉባኤው ላይ ግን ከድርጅቱ ስም ጀርባ ያለው ባለቤት ማን እንደሆነ፣ የደንበኞች መረጃ የት እንደሚቀመጥና አለመግባባት ቢነሳ የትኛው ፍርድ ቤት እንደሚዳኝ ከመፈረሙ በፊት ጠይቁ።