ከጉዳት በኋላ ወደ ሩጫ መመለስና ተስማሚ ጫማ መምረጥ

መግቢያ

ሩጫ በኢትዮጵያ ለአንዳንዱ መተዳደሪያ፣ ለሌላው የጤና መጠበቂያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 የተጀመረው ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ከባለሙያ ሯጮች ጎን ብዙ ሺህ ተራ ሰዎችን ወደ ጎዳና አውጥቷል። በመሆኑም የሩጫ ጉዳት የብሔራዊ ቡድን ሐኪሞች ጉዳይ ብቻ መሆኑ ቀርቶ በጤና ጣቢያና በተመላላሽ ክፍል ዘወትር የሚታይ ችግር ሆኗል።

ጉዳት የደረሰበት ሯጭ ወደ ባለሙያ ሲቀርብ ብዙውን ጊዜ ሁለት ጥያቄ ይዞ ይመጣል፤ መቼ እሮጣለሁ? ምን ዓይነት ጫማ ልግዛ? ሕሙማን ለሁለተኛው ጥያቄ የበለጠ ክብደት ቢሰጡም ውጤቱን በአብዛኛው የሚወስነው የመጀመሪያው ነው። አብዛኛው የሩጫ ጉዳት የሚመጣው አጥንት፣ ጅማትና ጡንቻ ሊሸከሙት ከለመዱት በላይ ጫና በአጭር ጊዜ ሲጫንባቸው ነው። ጫማ ይህን ጫና ከአንዱ የአካል ክፍል ወደ ሌላው ያሸጋግራል እንጂ አያጠፋውም።

ጉዳቱን ለይቶ ማወቅ

የመመለሻ ዕቅድ ከማውጣት በፊት የተጎዳው አጥንት፣ ጅማት ወይስ መገጣጠሚያ መሆኑን መለየት ያስፈልጋል። የጅማት ጉዳት የሚድነው በመጠኑ ጫና እየተሰጠው ሲሆን፣ በአጥንት ላይ የደረሰ ስንጥቅ ግን ጫናው ካልተነሳለት ወደ ሙሉ ስብራት ሊያድግ ይችላል። ለአንዱ መድኃኒት የሆነው ለሌላው ጉዳት ይሆናል ማለት ነው።

ከተደጋጋሚ ጫና የሚመጣ የአጥንት ስንጥቅ ሲጠረጠር ትልቁ ጥያቄ ቦታው ነው። በቅልጥም የውስጠኛው የኋላ ጠርዝ፣ በፊቡላ፣ እንዲሁም ከሁለተኛ እስከ አራተኛ ባሉት የሜታታርሳል አጥንቶች መካከለኛ ክፍል የሚደርስ ስንጥቅ በዕረፍት ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ይሻላል። በአንጻሩ በጭን አጥንት አንገት፣ በቅልጥም የፊት ገጽ፣ በናቪኩላር አጥንትና በአምስተኛው ሜታታርሳል ሥር የሚደርሰው በአደገኛነቱ የሚታወቅ ሲሆን ወደ አጥንት ሐኪም መላክ ይኖርበታል።

ለአብነት ያህል፣ የወር አበባዋ ለወራት የቀረ የ19 ዓመት ሯጭ በብሽሽቷ አካባቢ ስትሮጥ የሚብስ፣ በአንድ እግሯ ስትቆም የሚሰማት ሕመም ይዛ ብትቀርብ፣ ጉዳዩን «የጡንቻ መሳሳብ ነው» ብሎ ማስታገሻ ሰጥቶ መሸኘት ከባድ ስሕተት ነው። የጭን አጥንት አንገት ስንጥቅ ችላ ተብሎ ስብራቱ ከቦታው ከተንሸራተተ ለአጥንቱ ራስ የሚደርሰው የደም ዝውውር ሊቋረጥና አጥንቱ ሊሞት ይችላል። ለወጣቷ ይህ ከሩጫ ሕይወት መለየት ብቻ ሳይሆን ዕድሜ ልክ ማነከስ ሊሆን ይችላል። በእንዲህ ዓይነት ሁኔታ ሕመምተኛዋ በተጎዳው እግር እንዳትረግጥ ክራንች ሰጥቶ በአስቸኳይ መላክ ይገባል። በመጀመሪያዎቹ 2 እና 3 ሳምንታት የተነሳ ራጅ ጤናማ መስሎ መታየቱ የተለመደ ስለሆነ «ራጁ ምንም የለውም» የሚለው ማረጋገጫ ሊሆን አይችልም። ኤም.አር.አይ. በሚገኝበት ቦታ ተመራጩ ምርመራ እርሱ ነው፤ በማይገኝበት ደግሞ ስንጥቅ እንዳለ ቆጥሮ ሕመምተኛዋን ማስተናገድ ይሻላል።

በዚህ ረገድ ስንጥቅ የተጠረጠረበትን አካል የባህል ወጌሻ በኃይል እንዳያሸው ማስገንዘብም ያስፈልጋል።

ሩጫ ለመጀመር የሚያበቁ መስፈርቶች

የቀን መቁጠሪያ ብቻውን መስፈርት አይሆንም። አንድ ሯጭ ወደ ሩጫ ከመመለሱ በፊት የሚከተሉትን ማሟላቱን መፈተሽ ተገቢ ነው።

1. ለ30 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ ሲራመድ ሕመም የማይሰማው፣ በማግስቱም የማይብስበት መሆኑ።
2. የአጥንት ጉዳት ከነበረ፣ ቦታው በጣት ሲጫን የማያም መሆኑ።
3. በአንድ እግሩ ቆሞ ተረከዙን 20 ጊዜ ያህል ሙሉ በሙሉ ማንሳት መቻሉና ይህም ከጤነኛው እግር ጋር የተቀራረበ መሆኑ።
4. በአንድ እግሩ ጉልበቱን ሲያጥፍ ጉልበቱ ወደ ውስጥ ሳይወድቅ፣ ዳሌውም ሳያዘነብል ሚዛኑን መጠበቁ።
5. በተጎዳው እግር 10 ጊዜ ሲዘል ሕመም የማይሰማው መሆኑ። ይህ ፈተና የሚሰጠው ቀደም ያሉት አራቱ ከተሟሉ ብቻ ነው።

ደረጃ በደረጃ መመለስ

መስፈርቶቹ ሲሟሉ እርምጃና ሩጫን ያቀላቀለ ልምምድ ይጀመራል። የአንዱ ልምምድ ጠቅላላ ጊዜ 30 ደቂቃ ሲሆን፣ በየ5 ደቂቃው ተከፋፍሎ 6 ጊዜ ይደጋገማል። በመጀመሪያው ደረጃ 1 ደቂቃ ሩጫና 4 ደቂቃ እርምጃ፣ በሁለተኛው 2 ደቂቃ ሩጫና 3 ደቂቃ እርምጃ፣ በሦስተኛው 3 ደቂቃ ሩጫና 2 ደቂቃ እርምጃ፣ በአራተኛው 4 ደቂቃ ሩጫና 1 ደቂቃ እርምጃ ይሆናል። በአምስተኛው ደረጃ ሯጩ 30 ደቂቃውን ሳያቋርጥ በዝግታ ይሮጣል። በየደረጃው ቢያንስ ሁለት ወይም ሦስት ልምምድ ይደረጋል፤ በሩጫ ቀናት መካከልም አንድ የዕረፍት ቀን ይኖራል። በዕረፍቱ ቀን ብስክሌት፣ ዋና ወይም የጡንቻ ማጠናከሪያ መሥራት ይቻላል።

ከዚህ በኋላ የሚጨመረው በቅድሚያ ርቀት፣ ቀጥሎ ፍጥነት፣ በመጨረሻም አቀበትና ቁልቁለት ነው። ሦስቱን በአንድ ሳምንት መጨመር ጉዳቱን መልሶ መጥራት ነው። ልምምዱ የሚጀመረው በተስተካከለ ሜዳ እንጂ በእንጦጦ ዳገት ላይ መሆን የለበትም።

ርቀትን በየሳምንቱ ከ10 በመቶ በላይ አለመጨመር የተለመደ ምክር ነው። ከ5,000 በላይ ሯጮችን የተከታተለና እ.ኤ.አ. በ2025 የታተመ ጥናት ግን ትኩረቱን ከሳምንቱ ድምር ወደ እያንዳንዱ ሩጫ አዙሮታል። በአንድ ሩጫ የተሸፈነው ርቀት ባለፉት 30 ቀናት ከተሮጠው ረጅሙ ርቀት ከ10 በመቶ በላይ ሲበልጥ የጉዳት ዕድል ከፍ ማለቱን አሳይቷል። ስለሆነም ሳምንቱን ሙሉ አርፎ እሑድ ዕለት ርቀቱን በአንዴ እጥፍ የሚያደርግ ሯጭ የሳምንት ድምሩ ባይበዛም ለአደጋ የተጋለጠ መሆኑ ሊነገረው ይገባል።

ሕመምን መመዘንና የማስታገሻ ጥንቃቄ

ሕመምን ከ0 እስከ 10 በሆነ መለኪያ መመዘን ለባለሙያውም ለሯጩም መግባቢያ ይሆናል። የአኪለስ ጅማት ጉዳት ባለባቸው ሰዎች ላይ እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ በልምምድ ወቅት እስከ 5 የሚደርስ ሕመም እየተሰማቸው በክትትል ሥር መሮጥና መዝለል የቀጠሉት ሙሉ በሙሉ ካረፉት የባሰ ውጤት አላሳዩም። ወሳኙ ነገር ሕመሙና መገተሩ በማግስቱ ጠዋት ወደ ነበረበት መመለሱ፣ ከሳምንት ወደ ሳምንትም አለመጨመሩ ነው። ይህ መመሪያ ግን ለጅማት እንጂ ለአጥንት አይሠራም። የአጥንት ስንጥቅ የነበረበት ሯጭ በቦታው ላይ መጠነኛ ሕመም ከተሰማው ሩጫውን ማቆም አለበት።

የአኪለስ ጅማት ጉዳት ሕክምና መሠረቱ ለ12 ሳምንት ያህል የሚቆይ፣ ጫናው እየጨመረ የሚሄድ የተረከዝ ማንሳት ልምምድ ነው። በጉልበት ሎሚ ዙሪያ ለሚሰማ ሕመም ደግሞ የዳሌና የጭን ጡንቻዎችን ማጠንከር ይረዳል። በደቂቃ የሚረገጡትን እርምጃዎች ከ5 እስከ 10 በመቶ ጨምሮ እርምጃን ማሳጠርም በጉልበት ላይ የሚያርፈውን ጫና ይቀንሳል።

ውድድር ሲቃረብ ሯጮችና አሠልጣኞች ባለሙያውን የዳይክሎፌናክ መርፌ እንዲወጋ መጠየቃቸው የተለመደ ነው። ከሩጫ በፊት የሚወሰድ ማስታገሻ የማስጠንቀቂያ ደወሉን ይዘጋል እንጂ ቁስሉን አያድንም። ፈሳሽ ባነሰው ሰውነት ውስጥም ኩላሊትን ሊጎዳ ይችላል። የስቴሮይድ መርፌ በአኪለስ ጅማት ውስጥ መስጠት ጅማቱን ለመበጠስ ሊያጋልጥ ስለሚችል አይመከርም። ሲፕሮፍሎክሳሲንና ተመሳሳይ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒቶች የጅማት መቆጣትና መበጠስ እንደሚያስከትሉ የታወቀ በመሆኑ፣ ተረከዙን ያመመው ሯጭ በቅርቡ የወሰደውን መድኃኒት መጠየቅ አይዘነጋ።

ምግብና ጾም

የአጥንት ስንጥቅ የተደጋገመበት ሯጭ የሚያወጣውን ጉልበት የሚተካ ምግብ ማግኘቱ መጣራት አለበት። የወር አበባ መቅረት፣ የክብደት መቀነስና የማይለቅ ድካም የጉልበት እጥረት ምልክቶች ናቸው። «ሯጭ ስለሆንኩ ነው» ተብሎ የሚታለፍ የወር አበባ መቅረት የአጥንትን ጥንካሬ ይቀንሳል። ደም ማነስና የቫይታሚን ዲ እጥረትም ሊታዩ ይገባል።

በጾም ወራት ጠዋት በባዶ ሆድ ተለማምዶ እስከ ከሰዓት ሳይመገቡ መቆየት በማገገም ላይ ላለ አካል ከባድ ነው። ባለሙያው ሃይማኖታዊ ውሳኔ ሊሰጥ አይችልም፤ ሆኖም ልምምዱ ወደ መመገቢያው ሰዓት እንዲቀርብ፣ ማዕዱም በባቄላ፣ በምስር፣ በሽምብራ፣ በኦቾሎኒና በተልባ እንዲበለጽግ መምከር ይችላል። በረመዳን ልምምዱን ከኢፍጣር በኋላ ማድረግ ይመረጣል። ሕመሙ ከጠና ሯጩ የንስሐ አባቱን ወይም የሃይማኖት መምህሩን እንዲያማክር ማበረታታት ተገቢ ነው።

ተስማሚ ጫማ መምረጥ

ለረጅም ጊዜ ጫማ የሚመረጠው የእግርን ቅስት በማየት ነበር፤ ጠፍጣፋ እግር ላለው ጠንካራ ደጋፊ ጫማ፣ ከፍ ያለ ቅስት ላለው ለስላሳ ጫማ ይታዘዝ ነበር። በአሜሪካ ጦር ምልምሎች ላይ የተደረጉና እ.ኤ.አ. በ2009 እና በ2010 የታተሙ ጥናቶች በዚህ መንገድ ጫማ መደልደል ጉዳትን እምብዛም እንደማይቀንስ አሳይተዋል። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው የኮክሬን ግምገማም 12 ጥናቶችንና 11,240 ተሳታፊዎችን መርምሮ፣ አንዱ የጫማ ዓይነት ከሌላው በተሻለ ጉዳት ይከላከላል ለማለት የሚያበቃ አስተማማኝ ማስረጃ አላገኘም። ስለዚህ «ይህ ጫማ ያድንሃል» የሚል የሐኪም ማዘዣ መሠረት የለውም።

ለምርጫ የሚረዱት ነጥቦች የሚከተሉት ናቸው።

ምቾትና ልክ፦ ጫማው ገና ሲጠለቅ የሚመች መሆን አለበት፤ «እያደር ይሰፋል» የሚለው የሻጭ ቃል አያስኬድም። እግር ወደ ማታ ስለሚያብጥ መለካት የሚሻለው ከሰዓት በኋላ ነው። ሁለቱም እግሮች ከሚሮጥበት ካልሲ ጋር ይለካሉ። ከረጅሙ ጣት ፊት የአውራ ጣት ጥፍር ስፋት ያህል ክፍት ቦታ ሊኖር፣ ተረከዙም ሊንሸራተት አይገባም።

የተረከዝ ከፍታ፦ ተረከዙ ዝቅ ያለ ጫማ ጫናውን ወደ ባትና ወደ አኪለስ ጅማት ያዛውራል። ስለሆነም ተረከዙን ከሚያመው ሰው ይልቅ ጉልበቱን ለሚያመው ሊስማማ ይችላል።

ለውጥን ማዝገም፦ እ.ኤ.አ. በ2013 በታተመ ጥናት በ10 ሳምንት ውስጥ ወደ ባዶ እግር መሰል ጫማ ከተሸጋገሩት 19 ሯጮች በ10ሩ ላይ የአጥንት መቆጣት ምልክት በኤም.አር.አይ. ታይቷል። አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1960 በሮም በባዶ እግሩ ማሸነፉ ብዙ ጊዜ ለክርክር ይጠቀሳል፤ ይሁን እንጂ በ1964 በቶኪዮ ድጋሚ ያሸነፈው ጫማ አድርጎ ነው። ከልጅነቱ በባዶ እግሩ የሮጠ ሰው እግርና ዘመኑን በወፍራም ሶል ያሳለፈ ሰው እግር አንድ አይደሉም።

የካርቦን ዝርግ ያላቸው ጫማዎች፦ እነዚህ ለውድድር ፍጥነት የተሠሩ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመ ጽሑፍ በእነዚህ ጫማዎች ሲሮጡ የናቪኩላር አጥንት ጉዳት የደረሰባቸውን 5 ሯጮች አቅርቧል። የጉዳዮቹ ቁጥር ጥቂት ስለሆነ ጫማው መንስኤ መሆኑን ባያረጋግጥም፣ በማገገሚያ ወራት ባይደረጉ ይመረጣል።

ማፈራረቅ፦ በሉክሰምበርግ 264 ሯጮችን ለ22 ሳምንት የተከታተለ ጥናት ከአንድ በላይ ጫማ እያፈራረቁ የሚሮጡት የጉዳት ዕድላቸው በ39 በመቶ ዝቅ ያለ ሆኖ አግኝቶታል። አቅሙ ላለው ሁለት መካከለኛ ጫማ ከአንድ ውድ ጫማ ሊሻል ይችላል።

ያገለገለ ጫማ፦ ብዙ ሯጮች አዲስ ጫማ የመግዛት አቅም ስለሌላቸው ከሳልባጅ ተራ ይገዛሉ። ይህን ከመንቀፍ ይልቅ አመራረጡን ማስተማር ይጠቅማል። ጫማው በጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ከኋላ ሲታይ ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ፣ ሶሉ በአንድ በኩል ብቻ ካለቀ፣ የተረከዙ ጀርባ ከተሰበረ ወይም ስፖንጁ በአውራ ጣት ሲጫን እንደ እንጨት ከደረቀ መግዛት አይገባም። ጫማው የቀድሞ ባለቤቱን አረጋገጥ ይዞ ይመጣልና። አዲስ ጫማም ቢሆን በአብዛኛው ከ500 እስከ 800 ኪሎ ሜትር ከተሮጠበት በኋላ መመርመር ይኖርበታል።

ማጠቃለያ

ወደ ሩጫ የሚመለስ ሰው ከባለሙያው የሚፈልገው «ተወው» ወይም «ሩጥ» የሚል ቃል ብቻ አይደለም። የጉዳቱ ቦታ በትክክል ሊለይለት፣ መስፈርቱና ደረጃው በጽሑፍ ሊሰጠው፣ ሕመሙን የሚመዝንበት ዘዴ ሊያውቅ፣ የሚበላውም ሊጠየቅ ይገባል። ጫማ የሚመጣው ከእነዚህ ቀጥሎ ሲሆን መለኪያውም ምቾት፣ ልክና ያላለቀ ሶል ነው። በብሽሽት፣ በቅልጥም የፊት ገጽና በእግር ቅስት አናት ላይ የሚሰማ ሕመም ግን በማንኛውም ጫማ የሚፈታ አይደለም፤ ሩጫን አስቁሞ በአስቸኳይ መመርመርን የሚጠይቅ ነው።