ፊርማ የሌለው ሥዕል

ሽሮ ሜዳ ላይ፣ ከሀበሻ ቀሚሱና ከጋቢው መካከል፣ ሠዓሊው ያልታወቀ የጦርነት ሥዕል ቢገኝ፣ ጦርነቱ የት እንደሆነ ለማወቅ የተሣለውን ተራራ መመርመር ብዙም አይጠቅም። ሰማዩ ይበልጥ ይናገራል። ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረሱ ከሠራዊቱ በላይ ከታየ፣ ከታች ዘውድ የደፋ ንጉሥና እቴጌ ካሉ፣ ነገሩ ዓድዋ ነው፤ ድሉ የተገኘው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.፣ በቅዱሱ ወርኃዊ በዓል ነበርና። ዓይኖችም ይመሰክራሉ፤ በነባሩ ልማድ ወገን ፊት ለፊት በሁለት ዓይኑ፣ ጠላት ግን በጎኑ በአንድ ዓይኑ ይሣላል።

ጠላት በሌላ ጦርነት ሥዕልም በጎን ይሣላል የሚል ካለ እውነቱን ነው። ስለዚህ አንድ ምልክት አይበቃም፤ የመተማ ጦርነት ቢሆን ከፊት የሚቆመው ደርቡሽ እንጂ ጣልያን አይደለምና ልብሱም መታየት አለበት። ከበድ የሚለው ተቃውሞ፣ ሠዓሊው ጦርነቱን አላየም፣ ሥዕሉም ለቱሪስት የተባዛ ነው የሚለው ነው። ይሁን እንጂ የሥዕሉ ዋጋ እዚሁ ላይ ነው። በዓድዋ የጣልያን ብርጌዶች በሌሊት ጉዞ ተለያይተው በየኮረብታው ለየብቻ ነበር የተመቱት፤ ሥዕሉ ግን ሁለቱን ወገን እንደ ግድግዳ ትይዩ ያቆማል። ይህ የሠዓሊው ስሕተት አይደለም፤ የተበታተነውን ውጊያ አንድ ሕዝብ አንድ ሆኖ የቆመበት ቀን አድርጎ ማስታወሱ ነው።