ሞትን ማሰብ መቼ ያሳድጋል?

ሞትን ማስታወስ ዛሬ ገበያ አግኝቷል። «ዊክሮክ» የተባለ የስልክ መተግበሪያ በቀን አምስት ጊዜ፣ ባልተጠበቀ ሰዓት፣ ሟች መሆናችንን ያሳስበናል። ጆን አንደርውድ እ.ኤ.አ. በ2011 ለንደን ውስጥ በቤቱ የጀመረው «የሞት ካፌ»፣ የማይተዋወቁ ሰዎች ሻይና ኬክ ይዘው ስለ ሞት የሚወያዩበት ስብሰባ፣ ከ80 በላይ አገሮች ደርሷል። 2026 ደግሞ ሁለት መታሰቢያዎች ይዟል። ከሚሞቱ ሕመምተኞች ጋር በግልጽ መነጋገርን ያስተማረችው የስዊዘርላንድ ተወላጇ ሐኪም ኤልሳቤጥ ኩብለር-ሮስ የተወለደችበት 100ኛ ዓመት ነው። የሞት ፍርሃት በሰው ባሕርይ ላይ ያለውን ኃይል በሙከራ ለመለካት የተነሳው የሥነ ልቦና ንድፈ ሐሳብም 40 ዓመት ይሞላዋል። (እስከ መጨረሻው ድረስ ዓመቶቹ፣ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከዚህ ሁሉ እንቅስቃሴ ሥር አንድ እምነት አለ፤ ሞቱን ያሰበ ሰው ይሻሻላል፣ ከከንቱ ነገር ይላቀቃል፣ ነፍሱ ትሰፋለች የሚል። እኔ በዚህ እምነት በግማሽ ብቻ እስማማለሁ። የጥንት መምህራንም የዛሬ ተመራማሪዎችም የተውልን ማስረጃ ሲታይ፣ ሞትን ማሰብ ብቻውን ሰውን ሲያከርር እንጂ ሲያሳድግ አይታይም። የሚያሳድገው ራስን ከመመርመር ጋር ሲጣመር ነው።

ለዘመኑ ክርክር መነሻው ኧርነስት ቤከር ነው። ቤከር በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በእግረኛ ወታደርነት ዘምቶ የናዚ ማጎሪያ ካምፕ ነጻ ሲወጣ በቦታው ነበር። ከጦርነቱ በኋላ የባህል አንትሮፖሎጂ ተምሮ አስተማሪ ሆነ። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሊ ውሉ ሳይታደስለት ሲቀር፣ ደመወዙን እኛ እንክፈለው ብለው ድምፅ የሰጡት ተማሪዎቹ ነበሩ። በ1973 «ሞትን መካድ» የተሰኘ መጽሐፉን አሳተመ። በካንሰር ታሞ ቫንኩቨር ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ ሳም ኪን የተባለ ጸሐፊ ለቃለ መጠይቅ መጣ። ቤከርም የመጣውን እንግዳ የተቀበለው ስለ ሞት የጻፈው ሁሉ አሁን የሚፈተንበት ሰዓት እንደ ደረሰ በመንገር ነበር። በማርች 1974፣ በ49 ዓመቱ አረፈ። መጽሐፉ የፑሊትዘርን ሽልማት ያገኘው ከሁለት ወር በኋላ ነው።

የቤከር ሐሳብ እንዲህ ነው። ሰው እንደ ማንኛውም እንስሳ ይሞታል፤ ከእንስሳ የሚለየው እንደሚሞት ማወቁ ነው። ይህን እውቀት ተሸክሞ መኖር ስለሚከብደው ከእሱ በኋላ የሚቀር ነገር ይሻል፤ ስም፣ ሀብት፣ ዘር፣ ሐውልት፣ ባንዲራ። እስከዚህ ድረስ ጉዳት የለውም። ነገር ግን ሌላው ሰው የተጠጋበት መከታ ከእኔ የተለየ ከሆነ፣ የእኔን የሚያፈርስብኝ ይመስለኛል። ስለዚህ ላጠፋው እነሳለሁ። ለቤከር ጦርነትና ዘር ማጥፋት የሚመነጩት ከክፉ ልብ ብቻ አይደለም፤ ሞቱን ሊያይ ካልፈቀደ ልብም ጭምር ነው። ይህን ሐሳብ በአንድ ጎሳና በአንድ ባንዲራ ስም ደም ሲፈስ ላየ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም።

ይህን ሐሳብ ወደ ቤተ ሙከራ ያስገቡት በካንሳስ ዩኒቨርሲቲ አብረው የተማሩ ሦስት ወጣቶች ናቸው፤ ሼልደን ሰለሞን፣ ጄፍ ግሪንበርግና ቶም ፒዝቺንስኪ። ሰለሞን በባለሙያዎች ጉባኤ ላይ ሐሳቡን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያቀርብ ታዳሚው እየተነሳ እንደ ወጣ ራሱ ይተርካል። በ1986 የመጀመሪያውን ጽሑፍ አወጡ፤ በ1989 ደግሞ ዛሬም የሚጠቀሰውን ሙከራ። በቱሳን፣ አሪዞና የሚሠሩ 22 የከተማ ፍርድ ቤት ዳኞች በሴተኛ አዳሪነት ስለ ተከሰሰች ሴት መዝገብ ተሰጥቷቸው የዋስትና ገንዘብ እንዲወስኑ ተጠየቁ። ግማሾቹ አስቀድመው ሁለት ጥያቄ መልሰዋል፤ የራስህን ሞት ስታስብ ምን ይሰማሃል? ስትሞትስ በሥጋህ ላይ ምን የሚሆን ይመስልሃል? ጥያቄው ያልቀረበላቸው ዳኞች በአማካይ 50 ዶላር ወሰኑ። ሞታቸውን ያሰቡት 455 ዶላር። ሕግ ያው፣ መዝገቡ ያው፣ ሴቲቱም ያችው ናት። ሞቱ ትዝ ያለው ዳኛ ግን የያዘውን የግብረ ገብ ሚዛን አጥብቆ ጨበጠ፤ ከሚዛኑ የወጣችውንም አብዝቶ ቀጣ።

ከዚያ ወዲህ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሙከራዎች ተከተሉ። ሞቱን እንዲያስብ የተደረገ ሰው የአገሩን ስም የሚያሞግስ ጽሑፍ ሲያነብ ጸሐፊውን የበለጠ ይወድዳል፣ የሚነቅፍ ሲያነብ የበለጠ ይጠላል የሚለው ግኝት የመማሪያ መጽሐፍ ውስጥ ገባ። የዚህ መስክ ትልቁ ጠብ የተነሳውም በዚሁ ግኝት ላይ ነው። 21 ቤተ ሙከራዎች ተባብረው ከ2 ሺህ በላይ ተሳታፊዎችን ይዘው ይህ ግኝት የታየበትን አንድ የ1994 ሙከራ ደገሙት፤ ከፊሎቹም የመጀመሪያዎቹን ተመራማሪዎች ምክር ተቀብለው። በ2022 ታትሞ በወጣው ውጤት ግኝቱ ሊደገም አልቻለም። የንድፈ ሐሳቡ ወገኖች የአሠራርና የናሙና ስሕተት አለ ብለው ተከራከሩ፤ ሌሎች መልሰው ቁጥሮቹን ፈተሹ፤ ነገሩ እስካሁን አልበረደም።

አንባቢ እዚህ ላይ «እንግዲያው ቤከር ተሳስቷል» ቢል አይፈረድበትም። እኔ ግን ጠቡ አንድ ዋና ነገር ጋርዶብናል እላለሁ። ተመራማሪዎቹ ራሳቸው ቀደም ብለው ያስተዋሉት ነገር አለ፤ መክረሩ የሚታየው ሰው ሞቱን ፊት ለፊት እያሰበ ሳለ አይደለም። ጥያቄው ተጠይቆ፣ ሌላ ነገር ጣልቃ ገብቶ፣ ሐሳቡ ከፊት ወደ ኋላ ሲሸሽ ነው። ይህ እውነት ከሆነ ሰውን የሚያከርረው ሞትን ማሰብ አይደለም፤ ገረፍ አድርጎ አይቶ መሸሽ ነው። ሁለት ጥናቶች ይህን ይደግፋሉ። ፊሊፕ ኮዞሊኖና ባልደረቦቹ በ2004 ባወጡት ሙከራ ተሳታፊዎቹ በሚቃጠል ሕንፃ ውስጥ ሲሞቱ ራሳቸውን በዝርዝር እንዲያዩ፣ የኖሩትንም ሕይወት መለስ ብለው እንዲመዝኑ ተደረገ። ገንዘብና ዝና የሚያሳድዱት ሰዎች ከዚያ በኋላ የሎተሪ ቲኬት እንዲወስዱ ሲፈቀድላቸው ስስታቸው ቀንሶ ተገኘ። በ2010 የታተመ ሰባት ሙከራዎችን የያዘ ሌላ ጥናት ደግሞ ሐሳባቸውን ሳይፈርዱ የማስተዋል ልማድ ያላቸው ሰዎች ሞት ሲነሳባቸው እንደማይከርሩ፣ ስለ ሞታቸው ጻፉ ሲባሉም ከሌሎቹ ይልቅ ረዘም ላለ ጊዜ እንደሚጽፉ አሳየ። እነዚህም ጥናቶች እንደ ቀደሙት በድጋሚ መፈተን አለባቸው። አቅጣጫቸው ግን ገዳማውያን ከ1 ሺህ 600 ዓመት በፊት ከጠቆሙት ጋር ይገጥማል።

አትናቴዎስ በ4ኛው መቶ ዓመት የጻፈው የአባ እንጦንስ ታሪክ ሁለት ትምህርቶችን ይዟል። አንደኛው የታወቀ ነው፤ በየማለዳው እስከ ማታ እንደማትቆይ ሆነህ ኑር የሚለው። ሁለተኛው ብዙ አይነሳም፤ እያንዳንዱ መነኩሴ የነፍሱን እንቅስቃሴ፣ የሠራውንም ሥራ፣ ለሌላው እንደሚያሳይ አድርጎ ይጻፍ የሚለው ምክር ነው። ሰው ያየብኛል ብሎ ያፈረ ሰው ክፉ ሐሳቡን ይተዋል፤ ወረቀቱ በወንድሞቹ ዓይን ፋንታ ይቆማል። በሲና ተራራ የኖረው ዮሐንስ ክሊማቆስም በ30 ደረጃዎች ባዘጋጀው የመንፈሳዊ መሰላል መጽሐፉ ሞትን ማሰብን ስድስተኛ ላይ አኖረው። ከሥሩ ንስሐ፣ ከላዩ ኀዘን አለ። ወደ ሞት ሐሳብ የሚወጣው በደሉን አይቶ የተጸጸተ ሰው ነው፤ ያለ ንስሐ የሚያስበው ግን ፍርሃት ብቻ ይተርፈዋል።

እኛ ዘንድ ይህ ትምህርት በመጻሕፍተ መነኮሳት በኩል ገብቶ ከግእዝ ወደ አማርኛ አንድምታ ወርዷል፤ ማር ይስሐቅ፣ ፊልክስዩስ፣ አረጋዊ መንፈሳዊ። ከሦስቱ እኔን የሚይዘኝ ማር ይስሐቅ ነው። በ7ኛው መቶ ዓመት የነነዌ ጳጳስ ሆኖ ተሾመ፤ በአምስት ወሩ ሹመቱን ጥሎ ወደ በረሓ ገባ። ድካሙን ያየ ሰው ተአምር ከሚያደርግ ይበልጣል ብሎ ማስተማሩን ያነበበ ሁሉ ያስታውሳል። የገዳሙ ሥርዓትም ትምህርቱን በሥጋ ያሳያል፤ የሚመነኩሰው ሰው እንደ በድን ተከናንቦ መሬት ላይ ይተኛል፣ በቁሙ ጸሎተ ግንዘት ይደረስለታል። ሞቶ የተነሳው መነኩሴ ግን በዚያ አያበቃም፤ ዕለት ዕለት ሐሳቡን ለአባቱ ይናዘዛል። ግንዘቱ የአንድ ቀን ነው፣ ኑዛዜው የዕድሜ ልክ። ኑዛዜ ቢቀር ግንዘቱ ለውዳሴ ከንቱ በር ይከፍታል፤ ለዓለም ሞቻለሁ ብሎ መመካትም አለና።

በእስልምናም ቅደም ተከተሉ ተመሳሳይ ነው። አል-ገዛሊ በ1095 የባግዳዱን የኒዛሚያ መምህርነት ትቶ ከወጣ በኋላ በጻፈው በ40 መጻሕፍት የተከፈለ ታላቅ ሥራው፣ ሞትን የማስታወስ መጽሐፍ የመጨረሻው፣ 40ኛው ነው። ነፍስን መጠበቅና መተሳሰብ፣ ሙራቀባና ሙሐሰባ፣ 38ኛው ላይ ይቀድመዋል። አንባቢው ወደ ሞት የሚደርሰው ከነፍሱ ጋር ሂሳብ አድርጎ ነው። ስለ ቡድሂስቶች የመቃብር ቦታ ተመስጦና ስለ ሮማ ስቶይኮች ዛሬ ብዙ ስለሚጻፍ እዚህ አልዘገይበትም። ሴኔካ በየማታው ቀኑን ይመረምር እንደነበር ብቻ ላስታውስ፤ ጥቅሶቹን በየስልኩ የሚያሰራጩት ሰዎች ይህን ልማዱን እምብዛም አያነሱትም።

ወደ ሆስፒታል ስንመለስ ኩብለር-ሮስ አለች። በ1960ዎቹ ቺካጎ ውስጥ የሚሞቱ ሕመምተኞችን በተማሪዎቿ ፊት ለማነጋገር ስትጠይቅ፣ ሐኪሞች በክፍላቸው የሚሞት ሕመምተኛ እንደሌለ ይመልሱላት ነበር። የ1969 መጽሐፏ ያቀረባቸው «አምስት ደረጃዎች» ለሚሞተው ሰው የተጻፉ ሆነው ሳለ ለሐዘንተኛ ሁሉ መለኪያ ተደረጉ፤ ያም መልካም ሥራዋን ሸፈነው። በ1995 በደረሰባት ስትሮክ ለዓመታት አልጋ ላይ ስትቀር በእግዚአብሔር መቆጣቷን በአደባባይ ተናገረች። ብዙዎች ይህን የትምህርቷ መክሸፍ አድርገው ቆጠሩት። ለእኔ ግን የሚያስከብራት ነው፤ የራሷን ልብ አይታ ያየችውን ሳትደብቅ ተናግራለች።

ኧርቪን ያሎም በስታንፎርድ በጡት ካንሰር የሚሞቱ ሴቶችን በቡድን አሰባስቦ ያዩትን ለውጥ መዘገበ፤ ትንሹ ነገር ትንሽ ሆነ፣ የሚወዱት ሰው ቀረባቸው። ዴቪድ ስፒግል በ1989 ያወጣው የ86 ሴቶች ጥናት ደግሞ በቡድኑ ያሉት ወደ እጥፍ የሚጠጋ ዕድሜ ኖሩ ሲል ዓለምን አስደነቀ። በ2001 ካናዳ ውስጥ በ235 ሴቶች ላይ የተደረገው ጥናትም፣ በ2007 ስፒግል ራሱ ያወጣውም ይህን አልደገመም። ዕድሜ አልረዘመም፤ የካናዳው ጥናት እንዳሳየው ግን የመንፈስ ጭንቀትና የሕመም ስሜት ቀልሏል። ይህ ያንሳል የሚል ሰው የካንሰር ሕመምተኛ አልጋ አጠገብ አላደረም።

መከራ ያሳደገኝ ይመስለኛል ማለትና ማደግም አንድ አይደሉም። በ2009 ፓትሪሺያ ፍሬዚየርና ባልደረቦቿ ተማሪዎችን አደጋ ሳይደርስባቸውና ከደረሰባቸው በኋላ መዝነው፣ «አድጌአለሁ» የሚለው ምስክርነትና በሁለቱ ልኬቶች መካከል የታየው ለውጥ እንደማይገጥሙ አሳዩ። ራሱን በየዕለቱ የማይመረምር ሰው ትናንት ምን እንደነበር ስለማያውቅ ዛሬ ስለ መለወጡ ምስክር ሊሆን አይችልም። በ2016 ጆንስ ሆፕኪንስና ኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ከእንጉዳይ የሚገኘውን ሲሎሲቢን ለ51 እና ለ29 የካንሰር ሕሙማን ሰጥተው የሞት ጭንቀታቸው ለወራት ቀነሰ ያሉትንም በዚሁ ዓይን ነው የማየው። ተስፋ አለው፤ ግን የወሰደው ሰው መውሰዱን ወዲያው ስለሚያውቅ ንጹሕ ማነጻጸሪያ ማግኘት ይከብዳል።

የእኛ አገር ነገር ለብቻው መታየት ይገባዋል። በኢትዮጵያ ሞት የተሸሸገ አይደለም፤ እድር አለ፣ ለቅሶ አለ፣ ድንኳን በየሰፈሩ ይተከላል፣ 40ና 80 ይወጣል። ለሌላው ሞት ያለን ሥርዓት ለጋስ ነው። ሕመምተኛው ራሱ ግን ብዙ ጊዜ አይነገረውም። ሐኪሙ ወሬውን ለቤተሰቡ ይነግራል፣ ቤተሰቡም «ተስፋ እንዳይቆርጥ» ብሎ ይደብቃል፤ ጠያቂው በፈገግታ ይገባል፣ ኮሪደር ላይ ያለቅሳል። ፍቅር መሆኑን አውቃለሁ። ነገር ግን ሰውየው የበደለውን ይቅርታ የሚጠይቅበት፣ ዕዳውን የሚተውበት፣ የንስሐ አባቱን አስጠርቶ ሕይወቱን የሚያይበት ጊዜ ሳያውቀው ያልፋል። ከላይ የተነሱት መምህራን ሁሉ የሚፈልጉትን ሥራ የሚሠራበትን ወቅት እንነጥቀዋለን። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 892 በቃል የሚደረግ ኑዛዜን ሲፈቅድ፣ ሞቱ መቃረቡ የተሰማው ሰው ስለ ቀብሩ፣ ስለ ትንንሽ ስጦታዎችና ስለ ልጆቹ ሞግዚት የመጨረሻ ፈቃዱን ለሁለት ምስክሮች እንዲናገር አስቦ ነው። ሐኪሞቻችንና ቤተሰቦቻችን መጀመሪያ ሊስማሙበት የሚገባው፣ ይህን ለመናገር የሚያስፈልገውን እውነት ለሕመምተኛው ማን፣ መቼና በምን ቃል እንደሚነግረው ነው።