የመቱ ሰው ትኬት ሲቆርጥ

በአማርኛ ትኬት «ይቆረጣል»። ከጥራዝ ላይ ተገንጥሎ የሚሰጠው ወረቀት ግን ከቀረ ቆይቷል። ዓለም አቀፉ የአየር ትራንስፖርት ማኅበር፣ አያታ፣ ለጉዞ ወኪሎች የወረቀት ትኬት ማደሉን ያቆመው ግንቦት 24 ቀን 2000 ዓ.ም. ነው። ዛሬ ኢሉባቦር ውስጥ፣ መቱ ላይ ትኬት የሚቆርጥ ሰው ስልኩን ያወጣል፣ ይከፍላል፣ ስድስት ፊደልና ቁጥር የተቀላቀለበት አንድ ኮድ ይደርሰዋል። ይህ ጽሑፍ ያንን ኮድ የሚያመጣውን ሲስተም ያስተዋውቃል። እንደ አዲስ ቢታቀድ ከየት መጀመር እንዳለበትም የማምንበትን ይናገራል።

ከአንድ ትኬት ልጀምር። የማውቃት አንዲት የኢሉባቦር፣ የሁሩሙ ልጅ ለሥራ ወደ ውጭ አገር ልትሄድ ትኬት ተቆረጠላት። ትኬቱ ላይ በእንግሊዝኛ የሰፈረው ቀን የፈረንጆቹ ጃንዋሪ 8 ነው፤ ሰዓቱ 01:40። ወንድሟ የተማረ ነውና ቀኑን በትክክል መነዘረው፤ ታኅሣሥ 30። ሰዓቱንም በትክክል መነዘረው፤ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ከ40። ቤተሰቡ ደስ አለው፤ ገናን አብረው ውለው፣ በማግስቱ አዲስ አበባ ገብተው፣ ታኅሣሥ 30 ማታ ቦሌ ሊሸኟት ተስማሙ። እንዳሉትም አደረጉ። ቦሌ ሲደርሱ አውሮፕላኑ ከሄደ አንድ ቀን ሊሞላው ተቃርቧል።

ወንድምየው የትኛውንም ስሌት አልተሳሳተም። የተሳሳተው ሁለቱ ስሌቶች የሚጋጠሙበት ቦታ ላይ ነው። በፈረንጆቹ ቀኑ የሚለወጠው በእኛ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ነው፤ በእኛ ግን ሌሊቱ የዋለው ቀን ነው፣ አዲሱ ቀን የሚጀምረው ሲነጋ። ስለዚህ ልጅቷ መሳፈር የነበረባት በገና ዕለት ሌሊት ነበር። ማታ 4 ሰዓት ከ40 ላይ ሻንጣዋን ይዛ ቦሌ መገኘት ሲገባት፣ ያን ሰዓት እናቷ ቤት ቡና እየተፈላ ነበር።

አማርኛ ለዚህ ነገር የታወቀ ቃል አለው፤ አጥቢያ። የገጠር ሰው «ለሐሙስ አጥቢያ» ሲል የረቡዕ ሌሊት ማለቱ እንደሆነ ማንም አይስተውም። ትኬቱ ላይ «ታኅሣሥ 29 ሌሊት፣ ለ30 አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 7:40» የሚል አንድ መስመር ቢጨመር ያ ቤተሰብ አይጎዳም ነበር። አንድ ፕሮግራመር በአንድ ቀን ሊሠራው የሚችል ሥራ ነው። በኢሉባቦር ብቻ ሳይሆን በመላ አገሪቱ ለሚበር ሰው ሁሉ ይጠቅማል። ዘመናዊ የትኬት ሲስተም ሲታቀድ መጀመሪያ ወረቀት ላይ መስፈር ያለበት ይህ ነው እላለሁ፤ ቀለሙና አርማው ይቆይ።

የቀኑ ጉዳይ በዚህ አያበቃም። ተሳፋሪው የልደት ቀኑን ሲሞላ ሳጥኑ አሥራ ሁለት ወር ብቻ ነው የሚያውቀው፤ በጳጉሜን የተወለደ ሰው ራሱ መንዝሮ ካልመጣ መግቢያ የለውም። ዓመቱን ሳይመነዝር የጻፈ ደግሞ በሰባት ወይም በስምንት ዓመት አርጅቶ ይመዘገባል። ይህ ለሕፃናት ዋጋ አለው፤ በአየር መንገዶች ልማድ ሁለት ዓመት ያልሞላው አንድ ታሪፍ፣ ከሁለት እስከ አሥራ አንድ ያለው ሌላ ታሪፍ ነውና በስህተት የተሞላ ዓመት ቤተሰቡን ከሚገባው በላይ ሊያስከፍል ይችላል።

አሁን ወደ ማሽኑ ሆድ እንግባ። የአውቶቡስ ረዳት መናኸሪያ ላይ ቆሞ ወንበሩን በዓይኑ ይቆጥራል፤ የሞላውና የጎደለው ፊቱ ነው። በአገር ውስጥ በረራ ላይ የምናየው ባለ ፕሮፔለሩ ኪው 400 ከ70 በላይ መቀመጫ አለው፤ እነዚያን መቀመጫዎች ግን በአንድ ቅጽበት አዲስ አበባ ያለ ቢሮ፣ ዋሽንግተን ያለ ዘመድና መቱ ያለ ተማሪ እየተሻሙ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ቆጣሪው አንድ መሆን አለበት። ሁሉም ስልክ፣ ሁሉም ቢሮ፣ ሁሉም ወኪል የሚጠይቀው አንዱን ማዕከል ነው። አንድ ሰው መቀመጫ ሲመርጥ ማዕከሉ ያንን መቀመጫ ለተወሰነ ጊዜ ይቆልፍለታል፤ በጊዜው ካልከፈለ ቁልፉ ይፈታና ለሌላ ይሸጣል።

ያ ስድስት ሆሄ ያለው ኮድ ማዕከሉ ለተሳፋሪው የሚከፍተው መዝገብ ስም ነው። ስም፣ ስልክ፣ በረራ፣ ሻንጣ፣ ሁሉም በእሱ ሥር ተጽፏል። ኮዱ ግን ገና ትኬት አይደለም፤ ቦታ ተይዟል ማለት ብቻ ነው። ትኬት የሚባለው ገንዘቡ ከገባ በኋላ የሚወጣው ባለ 13 አሃዝ ቁጥር ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከሆነ በ071 ይጀምራል። ኮድ ይዘው ትኬት ያለ እየመሰላቸው ኤርፖርት የሚሄዱ ሰዎች አሉና ይህ ልዩነት በቃል ሊያዝ ይገባል። ዋጋው ለምን ከጎረቤት መቀመጫ ይለያል ለሚለው ደግሞ መልሱ አጭር ነው፤ ማዕከሉ መቀመጫዎቹን በፊደል በተሰየሙ የታሪፍ ክፍሎች ከፋፍሎ ይሸጣል፣ ርካሹ ክፍል ቶሎ ያልቃል።

ይህ አሠራር የተወለደው ከአንድ የአውሮፕላን ጨዋታ ነው። በ1953 እ.ኤ.አ. የአሜሪካን ኤርላይንስ ፕሬዚዳንት ሲ. አር. ስሚዝ ከሎስ አንጀለስ ወደ ኒው ዮርክ ሲበሩ ከአንድ የአይቢኤም ሻጭ አጠገብ ተቀመጡ፤ የሰውየውም ስም ስሚዝ ነበር። ከዚያ ወግ ሴበር የተባለው የመቀመጫ መመዝገቢያ ሲስተም ወጣ፤ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ሥራ ላይ ዋለ። የኢትዮጵያ አየር መንገድም የዚሁ የሴበር ቤተሰብ የሆነውን ሲስተም ሲጠቀም ቆይቷል። ስለዚህ አየር መንገድ «ሲስተሜን አዘምናለሁ» ሲል መቀመጫ ቆጣሪውን ከዜሮ ይሠራል ማለት አይደለም፤ ያንን ዓለም ለስድሳ ዓመት ሞርዶታል። እኛው የምንሠራው፣ ልንሠራውም የሚገባን፣ ከቆጣሪውና ከመቱ ሰው መሀል ያለውን በር ነው።

መቱን ደጋግሜ የማነሳው ያለ ምክንያት አይደለም። አዲስ አበባ ከመቱ በመኪና 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። የመቱ ካርል ሆስፒታል ያልቻለውን ሕመም ይዞ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ አለ፤ ከየክልሉ ለመቱ ዩኒቨርሲቲ የሚመደብ ተማሪ አለ፤ ቡናውን ሸጦ ለጉዳይ የሚበር ነጋዴ አለ። ሩቅ መጓዝም ለአገሩ አዲስ ነገር አይደለም። ቡናው በበቅሎ ወደ ጋምቤላ ወርዶ በባሮ ወንዝ በእንፋሎት መርከብ ሱዳን ይገባ በነበረበት ዘመን፣ የመቱ ጎረቤት ጎሬ የውጭ ቆንስላ ያለባት የንግድ ከተማ ነበረች። መርከቡ የሚመጣው ወንዙ ሲሞላ በክረምት ስለነበር ነጋዴው ጉዞውን ያቅድ የነበረው በዝናብ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. ተመሥርቶ፣ መጋቢት 30 ቀን 1938 በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያውን በረራ ካደረገ በኋላ በነበሩት ዓመታት፣ ጎሬም ሣር ሜዳ ላይ የሚያርፉትን ዲሲ-3 አውሮፕላኖች አይታለች። እስከ ዛሬም በዓለም የኤርፖርቶች መዝገብ ውስጥ የራሷ ባለ ሦስት ፊደል መለያ አላት፤ ጂ፣ ኦ፣ አር። ስለ ጎሬና መቱ አዲስ ኤርፖርት ብዙ ተወርቷል፤ ስለ ትኬቱ ግን እምብዛም አልሰማሁም።

ትኬቱ የሚፈልገውን እዩ። ሰውየው መነሻ ከተማውን ሲጽፍ መቱ በላቲን ፊደል ቢያንስ በሦስት መንገድ ይጻፋል፤ አንድ ቲ፣ ሁለት ቲ፣ በ«ኢ» ወይም በ«ኤ»። ሲስተሙ ሦስቱንም ካላወቀ «እንዲህ ያለ ከተማ የለም» ይለዋል። ጎሬ ብሎ መፈለግ እንዳለበት ማን ነገረው? በአማርኛም፣ በአፋን ኦሮሞም፣ በእንግሊዝኛም የተጻፈ ስም ወደ አንድ ኤርፖርት መምራት አለበት። ከመቱ በረራ የሌለ እንደሆነም ጋምቤላንና ጅማን ማሳየት አለበት፤ የአካባቢው ሰው ለዘመናት ያደረገው ይህንኑ ነውና።

የሰው ስም ከከተማው ይከብዳል። ጫልቱ የምትባል ልጅ በቁቤ፣ በአፋን ኦሮሞ የላቲን አጻጻፍ፣ ስሟ የሚጀምረው በ«ሲ» ነው፤ አናባቢዎቹም ይደገማሉ። ፓስፖርቷ ላይ ግን በ«ሲ» እና በ«ኤች» ተጽፎ አናባቢው አንድ ብቻ ሊሆን ይችላል። ሁለቱም የራሷ ስም ናቸው፤ ለኮምፒውተሩ ግን ሁለት ሰዎች ናቸው። በዚህ ላይ «የቤተሰብ ስም» የሚለው ሳጥን ይመጣል። የቤተሰብ ስም የለንም፤ አባት አለን፣ አያት አለን። አንዱ የአባቱን፣ ሌላው የአያቱን ይሞላል፤ በሩ ላይ ሲደርስ ስሙ ከመታወቂያው አልገጥም ይላል። ሳጥኖቹ «ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም» ቢባሉ፣ ሲስተሙም ከብሔራዊው የፋይዳ መታወቂያ ላይ እንዳለ ቢወስድ፣ ተሳፋሪው በእጁ የሚጽፈው አንድም ፊደል ባልኖረ።

ከዚያ ክፍያ። በስልክ የሚከፈልበት ቴሌብር ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ የክፍለ አገር ሰው ገንዘብ ለመላክ ባንክ ቤት መሰለፉ ቀንሷል፤ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። ሆኖም ሁላችንም የምናውቀው አንድ ሕመም አለ፤ ብሩ ከሂሳብ ወጥቷል፣ ትኬቱ አልመጣም። ይህ የሚሆነው ጥያቄው በሦስት ቤት ስለሚያልፍ ነው፦ አየር መንገዱ፣ የክፍያ አገልግሎቱ፣ ባንኩ። ባንኩ «ከፍሏል» ብሎ ሲመልስ መሀል ላይ ኔትዎርክ ከተቆረጠ መልሱ መንገድ ላይ ይቀራል። ሰውየው ደንግጦ ደግሞ ይከፍላል።

መድኃኒቱ የታወቀ ነው። እያንዳንዱ ትዕዛዝ አንድ ቁጥር ይኑረው፤ በዚያ ቁጥር አሥር ጊዜ ቢጫን አንዴ ብቻ ይከፈል። አየር መንገዱም መልስ እስኪመጣለት ተቀምጦ አይጠብቅ፤ ራሱ ደጋግሞ ባንኩን «ተከፍሏል ወይ?» ብሎ ይጠይቅ። እስከዚያው መቀመጫው እንደተቆለፈ ይቆይ፤ ለሰውየውም በሚያውቀው ቋንቋ «ክፍያዎ እየተጣራ ነው፣ እንደተረጋገጠ ትኬትዎ ይላካል፣ ደግመው አይክፈሉ» የሚል አጭር መልእክት ይሂድለት። ይህ መልእክት ከየትኛውም ማስታወቂያ የበለጠ እምነት ያተርፋል። የመክፈያው ጊዜ ራሱ ይታሰብበት፤ በኢሉባቦር ገጠር፣ ዳሪሙ ወይም አልጌ ያለ ገበሬ ከተማ ወጥቶ እስኪከፍል ደቂቃዎች አይበቁትም፣ ሰዓታት ያስፈልጉታል።

«ሲስተም የለም» የሚለውን ቃል በየቢሮው ሰምተነዋል። ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ሲዘጋ ለሳምንታት አልተመለሰም ነበር፤ አውሮፕላን ግን ይበር ነበር። ስለዚህ ዕቅዱ ውስጥ ኢንተርኔት የሌለበት ቀን የራሱ ምዕራፍ ሊኖረው ይገባል። ገጹ ቀላል ይሁን፤ የሚንቀሳቀስ ሥዕል ተሸክሞ የሰው ጥቅል አይብላ። ተራ ስልክ የያዘ ሰው ቴሌብርን እንደሚያዝዘው ሁሉ፣ በኮከብና በመሰላል ትኬቱን ማየትና ቀኑን ማስለወጥ ይቻለው። ኮዱና የትኬት ቁጥሩ በአጭር የጽሑፍ መልእክት ይድረሰው፤ የጽሑፍ መልእክት ስልኩ ላይ ይቀራል፣ ኢንተርኔት ቢጠፋም አይጠፋም።

አንድ ነገር ላይ ደግሞ ከብዙ የቴክኖሎጂ ሰዎች እለያለሁ። ኦንላይን ከመጣ ቢሮው ይዘጋ ይላሉ። እኔ አይዘጋ እላለሁ፤ ይለወጥ እንጂ። መቱ፣ በደሌና ጎሬ ላይ እንደ ልጅ ሆኖ «እማማ፣ መታወቂያዎን ይስጡኝ፣ እኔ ልሙላልዎ» የሚል አንድ ወጣት ያለበት ትንሽ ጠረጴዛ ይኑር። ዛሬ ይህን ሥራ የሚሠራው ኢንተርኔት ቤት ያለ ጎረምሳ ወይም ደላላ ነው። ብዙዎቹ ደጎች ናቸው፤ ነገር ግን ትኬቱ ላይ የሚሰፍረው ስልክ ቁጥር የእነሱ ስለሆነ በረራው ሲዘገይ መልእክቱ የሚደርሰው ለእነሱ ነው። እናትየው ኤርፖርት ደርሰው ነው የሚሰሙት። ሕጋዊው ጠረጴዛ የተሳፋሪውን ስልክ መዝግቦ፣ ደረሰኝ ሰጥቶ፣ ቀኑን በአፋን ኦሮሞ ወይም በአማርኛ በቃል ነግሮ ይሸኛል።

ይህ ሁሉ እስኪሆን፣ ትኬት የምትቆርጡ ወገኖቼ ሦስት ነገር እዩ። ከመክፈላችሁ በፊት ስማችሁ ከመታወቂያችሁ ወይም ከፓስፖርታችሁ ጋር በፊደል ይግጠም። ከከፈላችሁ በኋላ ከኮዱ ሌላ ባለ 13 አሃዙ የትኬት ቁጥር መውጣቱን አረጋግጡ። ሰዓቱ ከ00:00 እስከ 05:59 ከሆነ ደግሞ ቀኑን መንዝራችሁ አንድ ቀን ቀንሱ፤ የምትሳፈሩት በዋዜማው ሌሊት ነው።