ያውቁ ኖሯል? ዊትኒ ቀዳሚ ስሟን መልሳለች
ከላስ ቬጋስ በስተ ደቡብ ምሥራቅ፣ ወደ ቦልደር ሲቲ በሚወስደው አውራ ጎዳና ዳር የምትገኘው የዊትኒ ከተማ፣ ስመ ተጸውዖዋን ያገኘችው በንከርቪል ከተባለ ስፍራ መጥተው የወተት ላሞች ያረቡ ከነበሩት ከሚስተር ስቶዌል ዊትኒ ነው፤ እኒህ ሰው በፈረንጆች አቆጣጠር በ1931 ዓ.ም.፣ የሁቨር ግድብ ሥራ በተጀመረበት ዓመት፣ የእርሻ መሬታቸውን ለቤት መሥሪያ ሸነሸኑት። በ1932 ፖስታ ቤት ተከፈተላት፤ በ1942 ደግሞ የክላርክ አውራጃ ሸንጎ፣ የራሷ ማዘጋጃ ቤት ባይኖራትም፣ የከተማነት ማዕርግ ሰጣት። ነዋሪዎቿ ይበልጥ የታወቀ ስም ሽተው በ1958 «ምሥራቅ ላስ ቬጋስ» ቢያሰኟትም፣ በ1993 ቀዳሚ ስሟ ተመለሰላት። የመሥራች መታሰቢያ፣ ሐውልት ባይቆምለት እንኳ፣ በስም ጸንቶ ለትውልደ ትውልድ ይተላለፋልና፣ በዚያ የሚኖሩ ወገኖቻችን ይህን ታሪክ ለልጆቻቸው ሊያስተምሩ ይገባል።