«እሺ» ሁልጊዜ ገብቶኛል ማለት አይደለም

ከአትላንታ በስተሰሜን በምትገኘው በሳንዲ ስፕሪንግስ ታላላቅ ሆስፒታሎች ጎን ለጎን የቆሙበት አንድ ሰፈር አለ። የአካባቢው ሰው «ፒል ሂል» ይለዋል፤ የክኒን ኮረብታ እንደ ማለት ነው። በአትላንታና በዙሪያዋ በርካታ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉና፣ ከነዚህ ሆስፒታሎች በአንዱ አንዲት እናት ከሐኪም ፊት ተቀምጠው ማሰብ አያዳግትም። ሐኪሙ ስለ ደም ግፊት መድኃኒታቸው ያስረዳል። እርሳቸው በአክብሮት ዐይናቸውን ዝቅ አድርገው፣ አየር ወደ ውስጥ ሳብ እያደረጉ «እሺ፣ እሺ» ይላሉ። ሐኪሙ መግባባታቸውን አይጠራጠርም።

«እሺ» ግን ብዙ ትርጉም ይሸከማል። እስማማለሁ ሊሆን ይችላል፤ እታዘዛለሁም፤ ወይም እየሰማሁዎት ነው፣ ይቀጥሉ ማለት ብቻ። ዐይን መስበሩም ለአንዱ ባህል ጨዋነት ሲሆን ለሌላው ልብ አለመስጠት ይመስላል።

ስለ ማዳመጥ በስፋት ከሚታዩ የተሳሳቱ ግንዛቤዎች ቀዳሚው፣ ጆሮው ጤነኛ የሆነ ሁሉ ያዳምጣል የሚለው ነው። መስማት የአካል ሥራ ነው፤ ድምፅ ታምቡርን ያርገበግባል፣ በሦስት ጥቃቅን አጥንቶች በኩል ወደ ውስጠኛው ጆሮ ያልፋል፣ ከዚያም በነርቭ ወደ አንጎል ይደርሳል። ሰው ሲተኛ እንኳ ይህ አይቋረጥም። ማዳመጥ ግን ትኩረትን ይጠይቃል። አሜሪካዊው ራልፍ ኒኮልስ እና ሊዮናርድ ስቲቨንስ በ1957 እ.ኤ.አ. እንዳስረዱት፣ ሰው በደቂቃ 125 ቃላት ገደማ ሲናገር አእምሮ ከዚያ እጅግ ይፈጥናል። ትርፍ ጊዜ ያገኘው ሐሳብም ወደ ራሱ ጉዳይ ይሸሻል።

ሌላው ስሕተት ጥፋቱን ሁሉ በታካሚው ላይ መጣል ነው። በ1984 እ.ኤ.አ. ቤክማን እና ፍራንክል የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች 74 የሕክምና ቀጠሮዎችን መርምረው፣ ሐኪሞች የታካሚውን የመክፈቻ ንግግር በአማካይ በ18 ሰከንድ ውስጥ እንደሚያቋርጡ ደርሰውበታል። ንግግራቸውን የጨረሱት 17 ብቻ ነበሩ። ታካሚ ከተለቀቀ ማቆሚያ የለውም የሚለው ስጋትም መሠረቱ ጠንካራ አይደለም። በ2002 እ.ኤ.አ. የታተመ የስዊዘርላንድ ጥናት 335 ታካሚዎች ሳይቋረጡ እንዲናገሩ አድርጎ ነበር፤ በአማካይ የወሰደባቸው 92 ሰከንድ ነው።

ቋንቋ ሲለያይ ጉዳዩ ይከብዳል። የፌደራል ገንዘብ የሚቀበሉ የአሜሪካ ሆስፒታሎች እንግሊዝኛ ለሚያስቸግረው ታካሚ ያለ ክፍያ አስተርጓሚ ማቅረብ አለባቸው። ከድንገተኛ አደጋ በቀር ሕፃን ልጅን ማስተርጎምም አይገባቸውም። ብዙዎች ግን ሰው እንዳያስቸግሩ ብለው ዝም ይላሉ፤ ይሉኝታ እዚህ ላይ ዋጋው ውድ ነው።

በሕክምናው ዓለም የሚመከረው ዘዴ እጅግ ቀላል ነው። ሐኪሙ «ገባዎት?» ብሎ አይጠይቅም፤ መልሱ «እሺ» ነውና። በዚያ ፈንታ «ይህን ክኒን ቤትዎ ሲገቡ መቼና እንዴት ነው የሚወስዱት?» ይልና፣ እናት በራሳቸው ቃል ነግረው እስኪጨርሱ ይጠብቃል።